አምስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት ኩሽና፦ በልክ የሚሠራ ካቢኔት ከማዘዛችን በፊት ምክር እንሻለን

እናት ባለ ሦስት

ጤና ይስጥልኝ። እኔም ባለቤቴም ከቤት ውጭ ሠራተኞች ነን፤ የ12፣ የ8 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉን። ለዓመታት በተገኘው ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ስንገለገልበት የኖርነውን ኩሽና አፍርሰን በልክ በሚሠራ ካቢኔት ልንተካው ወስነናል። ክፍሉ 4.20 ሜትር ርዝመትና 3.20 ሜትር ወርድ አለው። በሩ በአንደኛው አጭር ግድግዳ ላይ ነው፤ መስኮቱ ከበሩ ፊት ለፊት ይገኛል። የውኃ መስመሩና የፍሳሽ ቱቦው በበሩ ሲገባ በስተቀኝ ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ፣ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብለው ተቀምጠዋል።

ካቢኔት ሠሪው ያቀረበልን ሥዕል በሁለቱም ረጃጅም ግድግዳዎች ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ካቢኔት፣ በመካከል ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ደሴት፣ ማለትም ከግድግዳ ተለይቶ ለብቻው የሚቆም ካቢኔት፣ አለው። ሥዕሉ እጅግ ያምራል፤ ልጆቹ ከአሁኑ በደሴቱ ዙሪያ የየራሳቸውን ወንበር ተከፋፍለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጠዋት ነው። ከቤት ከመውጣታችን በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት አንዳችን ቁርስ እንሠራለን፣ ሌላችን የምሳ ዕቃ እንቋጥራለን፣ ትልቋ ፍሪጁን ከፍታ ምን እንደምትፈልግ ቆማ ታስባለች፣ መካከለኛው ብርጭቆ ፍለጋ ይመላለሳል፣ ትንሹም ከእግራችን ሥር አይጠፋም። «እለፍ»፣ «ቆይ»፣ «ተጠንቀቅ፣ ትኩስ ነው» ስንባባል የምናጠፋው ጊዜ ለመብላት ከሚተርፈን ይበልጣል። አዲሱ ኩሽና ይህንኑ ግፊያ በሚያምር ካቢኔት መካከል እንዳያስቀጥልብን ፈራሁ። ሥዕሉን እንዳለ እንቀበለው ወይስ እናስቀይረው?

ሥዕልና ልክ

ሳያዙ መጠየቅዎ ደግ አድርገዋል፤ በእኔ እምነት ይህ ሥዕል መለወጥ አለበት። ስሌቱን አብረን እናስላው። ከ3.20 ሜትር ወርድ ላይ የሁለቱ ካቢኔቶች ጥልቀት 1.20 ሜትር ሲቀነስ 2 ሜትር ይቀራል፤ ከዚያ ላይ ደሴቱ 60 ሳንቲ ሜትር ሲወስድ በግራና በቀኝ 70፣ 70 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ብቻ ይተርፋል። በ70 ሳንቲ ሜትር አንድ ሰው ያለ ችግር ያልፋል። ነገር ግን የዕቃ ማጠቢያ ማሽን በር ወደ ፊት ሲዘረጋ ብቻውን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ ተስቦ የወጣ ጥልቅ መሳቢያም ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ሳህን ሲያወጣ ሌላው በዚያ በኩል ማለፍ አይችልም ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ያሉ የኩሽና ነዳፊዎች የሚመሩበት ልክ ለአንድ አብሳይ 107፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች 122 ሳንቲ ሜትር ያህል መተላለፊያ ይጠይቃል። እርስዎ ያሉት አምስት ሰው ነው።

ቁጥሬን ብቻ አይመኑ፤ ቤትዎ ውስጥ ይሞክሩት። ባዶ ካርቶኖችን በደሴቱ ልክ ደርድረው መሬት ላይ ያቁሙ፣ የካቢኔቶቹን ጫፍ በሚጣበቅ ፕላስተር ወለሉ ላይ ያስምሩና ሦስት ጠዋት በዚያ መካከል ይኑሩ። በእነዚያ ሦስት ጠዋቶች ማን የት እንደሚቆም፣ ማን በማን ፊት እንደሚያቋርጥ በወረቀት ይያዙ። ካቢኔት ሠሪው የግድግዳውን ልክ ያውቃል፤ የጠዋታችሁን ልክ ግን ከእናንተ በቀር የሚነግረው የለም።

ባለ ጠባብ ኩሽና

እኛ ሰው ሳንጠይቅ ደሴት አሠርተን ነበር። አሁን የልጆች ቦርሳና ያልተከፈቱ ፖስታዎች ማስቀመጫ ሆኗል፤ ጥጎቹም የሁላችንንም ዳሌ ያውቁታል።

የድሮ መምህርት

የቤት አያያዝ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ስላስተማርኩ አንድ ነገር ልጨምር። ማጠቢያው፣ ምድጃውና ፍሪጁ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይሥሩ፣ የሦስቱ ጎኖች ድምር ከ4 ሜትር አይነስ፣ ከ8 ሜትርም አይለፍ የሚባለው መመሪያ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት የጸና ነው። እስከ ዛሬም ይሠራል። ደሴቱ ይውጣ ቢባል እንኳ ይህን ሦስት ማዕዘን ሳይጠብቁ ካቢኔት ማዘዝ ብዙ እርምጃ ያስወጣዎታል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1926 እ.ኤ.አ. ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትዝኪ የተባሉት የኦስትሪያ አርክቴክት የፍራንክፈርትን ኩሽና ሲነድፉ 1.87 በ3.44 ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ ሁሉን ነገር እጅ በሚደርስበት አድርገው አስቀመጡ። ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተሠራ። ዛሬ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተገጥሞ የምናየው ካቢኔት ሁሉ የዚያች ትንሽ ክፍል ልጅ ነው።

ሥዕልና ልክ

መምህርት፣ ታሪኩን ማንሳትዎ ጠቀመን፤ በድምዳሜው ላይ ግን ልለይ። የፍራንክፈርት ኩሽና የተለካው ለአንዲት ሴት ነው፤ ብቻዋን፣ እርምጃዋ በሰዓት ተቆጥሮ። ሦስት ማዕዘኑም ቢሆን አንድ ሰው ከሦስት ነጥቦች መካከል ሲመላለስ የሚደክመውን ድካም ይቀንሳል እንጂ ሁለት ሰዎች የት ላይ እንደሚጋጩ አይነግረንም። እንዲያውም ሦስቱ ነጥቦች ሲቀራረቡ ለብቻው ለሚሠራ ሰው እፎይታ ይሆናል፤ አምስት ሰው ላለበት ቤት ግን ግጭቱን አንድ ቦታ ላይ ያከማቸዋል። ሦስት ማዕዘኑን አልጥለውም፤ ለሚያበስለው ሰው ይሁን። ለማያበስሉት ደግሞ እሱን ሳያቋርጡ የሚደርሱበት የራሳቸው ማዕዘን ይሠራላቸው።

እናት ባለ ሦስት

ካርቶኖቹን ደርድረን ሦስት ጠዋት ኖርንባቸው። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ ትኩስ ድስት ይዞ ሲዞር ካርቶኑን ገፍቶ ጣለው፤ ደሴቱ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ የሚወድቀው ድስቱ ነበር። በሁለተኛው ቀን የደሴቱን ነገር እርግፍ አድርገን ተውነው።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ትልቋ ልጄ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፋ በተከፈተ ቁጥር ምልክት ስታደርግ ነበር። በሦስተኛው ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ 17 ጊዜ ተከፈተ፤ ከነዚያ መካከል 11ዱን የከፈተው የሚያበስለው ሰው አልነበረም። ወተት፣ ውኃ፣ ፍራፍሬ ፍለጋ ነው። ፍሪጃችን አሁን ያለው በክፍሉ ጥልቅ በኩል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ስለሆነ አሥራ አንዱም ጊዜ ሰው በምድጃው ፊት አልፎ ሄዶ በምድጃው ፊት ተመልሷል። ካቢኔት ሠሪው በሥዕሉ ላይ ፍሪጁን እዚያው ቦታ ትቶታል፤ «ሶኬቱ እዚያ ስላለ» ነው ያለን።

ሥዕልና ልክ

ዕቅዱ እዚህ ላይ ተገኘ፤ ለአንድ ሶኬት ሲባል የቤተሰብ መንገድ አይታጠፍም። ፍሪጁን ወደ በሩ ያምጡት። የሚከተለውን እንደ መነሻ ይዩትና ከባለቤትዎ ጋር ይከራከሩበት።

በቀኝ በኩል ያለው ረጅም ግድግዳ የሚሠራው ሰው ይሁን። ከመስኮቱ በኩል ሲጀመር ዕቃ ማጠቢያ ማሽን 60፣ የማጠቢያ ገንዳው ካቢኔት 80፣ ማዘጋጃ ቦታ 120፣ ምድጃ 60፣ ከምድጃው ቀጥሎ እስከ በሩ ግድግዳ 90 ሳንቲ ሜትር ካቢኔት ይገባል። ድምሩ 4.10 ሜትር ነው፤ የቀረውን 10 ሳንቲ ሜትር በሁለቱም ጫፍ ለማሟያ ጣውላ ይተዉት። በገንዳውና በምድጃው መካከል ያለውን 120 ሳንቲ ሜትር ለምንም ነገር እንዳይሸጡት አደራ፤ መክተፍ፣ ማቡካት፣ መቋጠር ሁሉ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። የሳህን መሳቢያዎች በዚሁ ማዘጋጃ ሥር ቢሆኑ ከማሽኑ የወጣ ሳህን ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ቦታው ይገባል።

በግራ በኩል ደግሞ ከበሩ አጠገብ ፍሪጅ 70፣ ቀጥሎ 100 ሳንቲ ሜትር የቁርስ ካቢኔት፣ ቀጥሎ ጥልቀቱ 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ከወለል እስከ ላይ የቆመ 90 ሳንቲ ሜትር የእህልና የደረቅ ምግብ ቁም ሳጥን፣ በመጨረሻም በመስኮቱ በኩል 150 በ75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ግድግዳውን ተደግፎ ይቁም። ብርጭቆ፣ የቁርስ ሳህን፣ የምሳ ዕቃዎች፣ ዳቦ መጥበሻና የውኃ ማፍያ በቁርስ ካቢኔቱ ውስጥና ላይ ይሁኑ። ልጆቹ በበሩ ገብተው፣ ከፍሪጁ ወስደው፣ እዚያው ቀድተው፣ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ ምድጃው ባለበት በኩል የሚወስዳቸው ጉዳይ አይኖርም። በጠረጴዛው ፊት 1.85 ሜትር ይቀራል፤ ወንበር ለመሳብ 60 ቢሄድ እንኳ 1.25 ሜትር መተላለፊያ አለ። አንድ የማልደብቀው ጉድለት፣ ወንበሩ ተስቦ የማጠቢያ ማሽኑም በር ከተከፈተ የሚቀረው 65 ሳንቲ ሜትር ነው። ማሽኑን ልጆቹ ከተነሡ በኋላ የምትሞሉት ከሆነ አይታወቃችሁም።

ጥልቀቱን 35 ያደረግሁት ቦታ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። በ60 ሳንቲ ሜትር መደርደሪያ ውስጥ ከኋላ የገባ ዕቃ ይረሳል፤ በ35 ግን ሁሉም በአንድ ረድፍ ፊቱን ያሳያል።

የእንጨት ሰው

ካቢኔት መሥራት እንጀራዬ ነው፤ ስለ አቀማመጡ ብዙ ስለተባለ እኔ ስለ ሥራው ልናገር። ደንበኞቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩኝ ስለ በሩ ቀለም ነው። ኩሽና የሚያረጀው ግን በበሩ ፊት አይደለም፤ በውኃ፣ በመሳቢያ ሀዲድና በማጠፊያ ነው።

መጀመሪያ ስለ ውኃ። ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ የተሠራው ቺፕውድም ሆነ ከእንጨት ብናኝ የተሠራው ኤምዲኤፍ፣ ተራው ዓይነት ውኃ ሲገባው ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ወዲያ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። ውኃው የሚገባው በተለበጠው ፊት ሳይሆን በተቆረጠው ጠርዝና ለቱቦ በተበሳው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ የሠሪውን ናሙና ይጠይቁና ቁራጩን በውኃ ውስጥ አሳድረው ጠዋት ጠርዙን በጣትዎ ይዳስሱት፤ ከዚያ በላይ ምስክር አያስፈልግዎትም። እኔ በገንዳው ሥር ላለው ካቢኔት እርጥበት የሚቋቋም ኮምፔርሳቶ እመርጣለሁ፤ ለሌላው ግን አራቱም ጠርዞቹ፣ የማይታዩትም ጭምር፣ በሙቅ ሙጫ የተለበጡ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ጥሩ ቺፕውድ ይበቃል። ካቢኔቱ ወለል ላይ በሣጥኑ አይቀመጥ፤ ከፍና ዝቅ በሚሉ የፕላስቲክ እግሮች ይቁምና ፊት ለፊቱ በሚነቀል መሸፈኛ ይዘጋ። ወለሉ በሚታጠብበት ቤት ይህ የካቢኔቱን ዕድሜ ያረዝማል፤ ቱቦ ሲያፈስም መሸፈኛውን ነቅለው ማየት ይችላሉ።

ሁለተኛው ስለ መሳቢያ ነው። ሥራ ለበዛበት ቤት ከታች ያለው ሁሉ መሳቢያ ይሁን እላለሁ፤ ባለ በር ካቢኔት ለገንዳው ሥር ብቻ ይበቃዋል። በሩን ከፍቶ፣ ተንበርክኮ፣ የፊቱን አውጥቶ የኋላውን መፈለግ ሦስት ሥራ ነው፤ መሳቢያ አንዴ ተስቦ ሁሉን ከላይ ያሳያል። ነገር ግን ሀዲዱ እስከ መጨረሻው የሚወጣና ክብደት የሚችል ይሁን። 24 የምግብ ሳህን እያንዳንዱ 600 ግራም ቢመዝን 14 ኪሎ ያልፋል፤ ድስትና መጥበሻ ሲጨመር 30 ኪሎ የሚችል ሀዲድ በአጭር ጊዜ ማጎንበስ ይጀምራል። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላላቸው መሳቢያዎች 50 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚችለውን ይጠይቁ። ገንዘብ ከጎደለ በሩን ርካሽ አድርገው ሀዲዱን ይግዙ፤ በር ከዓመታት በኋላ በሁለት ቀን ሥራ ይቀየራል፣ ሀዲድ ለመቀየር ግን መሳቢያውንም ማፍረስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ማጠፊያን በተመለከተ 35 ሚሊ ሜትር ክብ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጠውና በብሎን ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ጥልቀት የሚስተካከለው ዓይነት ይሁን። በጎን ጣውላዎቹ ላይ በ32 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ካሉ ደግሞ ልጆቹ ሲያድጉ መደርደሪያውን ያለ አናጺ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ በብዙ አገር የታወቀ ልክ ስለሆነ ሌላ አምራች የሠራው ማጠፊያና ሀዲድም ይገጥምለታል።

ማሽኑ የታሰረበት

ከእኛ ስሕተት ተማሩ። ወለሉ ሳይነጠፍ ካቢኔቱ ይግባ ብለን ቸኮልን፤ ሠራተኞቹም ንጣፉን ከካቢኔቱ ፊት ድረስ ብቻ አደረሱት። ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ የቆመው በአሮጌው ወለል ላይ፣ ከአዲሱ ንጣፍ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ከላይ ደግሞ ድንጋዩ ተጫነ። ማሽኑ በተበላሸ ጊዜ እግሩን እስከ መጨረሻው አውርደን እንኳ ከንጣፉ ጫፍ በላይ ተነሥቶ ሊወጣ አልቻለም፤ ንጣፉን በመዶሻ ሰብረን አወጣነው። እነዚህ ማሽኖች ቢያንስ 82 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይፈልጋሉ፤ ወለሉ ማሽኑ ሥር ድረስ ይነጠፍ፣ ልኬቱም ከንጣፉ በኋላ ይወሰድ።

የድሮ መምህርት

ሥዕልና ልክ ስለ ፍራንክፈርት የሰጡትን መልስ አንብቤ አሰብኩበት፤ አንዲት ሴት ለብቻዋ የተለካችበት መሆኑን ራሴ እያስተማርኩ ልብ አላልኩትም ነበር። አሁን ግን ማንም ያላነሣውን ልጠይቅ፦ የቁመታችሁ ልክ ስንት ነው? በተለምዶ ቶፕ የምንለው የሥራ ገጽ ከወለል 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደረጋል፤ የሚስማማው ከፍታ ግን ክንድ ታጥፎ ሲቆሙ ከክርን በታች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ዝቅ ያለ እንደሆነ ወገብ ይጎብጣል፣ ከፍ ያለ እንደሆነ ትከሻ ይሰቀላል።

የእንጨት ሰው ስለ መሳቢያ ባሉት እስማማለሁ፤ ባልተናገሩበት አንድ ነገር ግን ልቅደማቸው፣ ብዙ ሠሪዎች የላይኛውን ካቢኔት እስከ ጣራ ያደርሱታልና። እንዲህ ባያደርጉት እመርጣለሁ። ከ2 ሜትር በላይ የተቀመጠ ዕቃ በዓመት አንዴ ይወርዳል፤ ለእርሱም በርጩማ ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

የእንጨት ሰው

መምህርት፣ ካቢኔቱ ከጣራው ዝቅ ብሎ ሲቆም በላዩ ላይ የሚተኛውን ቅባትና አቧራ ማን ይጠርገው? እርስዎ በርጩማ የሚሸሹት ለማውጣት ነው፤ ደንበኛዬ ግን ለማጽዳት ይወጣበታል። በዓመት አንዴ የሚፈለግ ዕቃ ደግሞ በየቤቱ አለ።

የድሮ መምህርት

ረታችሁኝ፤ በዓመት አንዴ የሚፈለገው እዚያ ይግባ። ክፍት መደርደሪያ ግን ከምድጃ አጠገብ አይሁን።

እናት ባለ ሦስት

እኔ 158፣ ባለቤቴ 182 ሳንቲ ሜትር ነን። ክርናችንን ለካን፤ የእኔ 99፣ የእርሱ 114 ሆነ። በመምህርት ቀመር ለእኔ ከ84 እስከ 89፣ ለእርሱ ከ99 እስከ 104 ይመጣል። የት እንገናኝ? ሁለተኛው ጥያቄዬ የቶፑ ዓይነት ነው። ሠሪው ኳርትዝ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ያወድሳል።

ሥዕልና ልክ

አማካይ አይያዙ፤ አማካይ ሁለታችሁንም ያሳምማል። ይበልጥ በሚከትፈው ሰው ልክ ይሠራና ረጅሙ ሰው ወፍራም መክተፊያ ይጠቀም፤ እግር ያለው የ8 ወይም የ10 ሳንቲ ሜትር መክተፊያ ማንም አናጺ ይሠራዋል። 89 ላይ ካደረጉት የእርሱ መክተፊያ እስከ 99 ያደርሰዋል። ገንዳ ላይ ግን እጅ የሚሠራው ከታች፣ በገንዳው ወለል ላይ ስለሆነ ጥልቅ ገንዳ አይምረጡ፤ ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

የእንጨት ሰው

ስለ ቶፑ፦ ግራናይት ትኩስ ድስት ይችላል፤ እንደ ዓይነቱ ፈሳሽ ስለሚመጥ አልፎ አልፎ መከላከያ ቅባት ይሻል። እብነ በረድ ያምራል፤ ሎሚና ኮምጣጤ ግን ወዲያው ፊቱን ያደበዝዙታል፤ ልጆች ላሉበት ቤት አልመክርም። ኳርትዝ እድፍ አይቀበልም፤ የድንጋዩን ቅንጣት ያያያዘው ሙጫ ግን ከእሳት በወረደ መጥበሻ ሊቃጠል ይችላል፤ ነጩ ላይ ቢጫ ክብ ሆኖ ይቀራል። ሌላም ነገር አለ። ሲቆረጥ የሚነሣው የሲሊካ ብናኝ የሠራተኞችን ሳንባ ስለሚጎዳ አውስትራሊያ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግዳዋለች። ቤት ውስጥ ተገጥሞ የተቀመጠው እናንተን አይጎዳም፤ ከመረጡት ግን በረንዳዎ ላይ በደረቁ አይቆረጥ። ወጪ ከበዛብዎት በፎርማይካ የተለበጠ ቶፕ አሳፋሪ አይደለም፤ የገንዳው ዙሪያ በሲሊኮን በደንብ ከታተመ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ሽቦ ዘርጊው

ስለ ኤሌክትሪክ ማንም ስላላነሣ በአጭሩ ልናገር። ምድጃውና መጋገሪያው እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመርና ማቋረጫ ይኑራቸው። የማጠቢያ ማሽኑ ሶኬትና የውኃ መዝጊያው ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን በገንዳው ሥር ባለው ካቢኔት ውስጥ ይሁኑ፤ ውኃ ሲያፈስ ማሽኑን ጎትቶ መዝጊያ የሚፈልግ ሰው አይቻለሁና። በቁርስ ካቢኔቱ ላይ ቢያንስ አራት ሶኬት ያስገቡ። መብራት ከጣራው መካከል ብቻ ከሆነ የሚከትፈው ሰው ጀርባ ላይ በርቶ የገዛ ጥላው ቢላው ላይ ይወድቃል፤ ከላይኛው ካቢኔት ሥር፣ ከግድግዳው ይልቅ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ተጠግቶ፣ የኤልኢዲ መስመር ይዘርጋ። ይህ ሁሉ ግድግዳው ሳይለሰን እንጂ ካቢኔቱ ከተሰቀለ በኋላ አይታሰብም።

የድሮ መምህርት

ስለ ትንሹ ልጅ አንድ ነገር። የማጽጃ ኬሚካል ገንዳ ሥር የማስቀመጥ ልማድ አለን፤ የሦስት ዓመት ልጅ እጅ የሚደርሰው ግን እዚያው ነው። ወደ ላይኛው ካቢኔት ይውጣ። በምትኩ አንድ ዝቅተኛ መሳቢያ ለእርሱ ይሰጠው፤ የማይሰበር ሳህኑና ኩባያው በዚያ ይሁን። ራሱ አውጥቶ ራሱ የሚመልስበት ቦታ ያለው ልጅ ሌላውን መሳቢያ መበርበሩን ይቀንሳል። ከምድጃው ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ መኖሩንም ወድጄዋለሁ፤ የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ዞሮ የሚያርፍበት ያገኛል።

እናት ባለ ሦስት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደሴቱ ቀርቷል፤ ፍሪጁ ወደ በሩ ይመጣል፣ ሶኬቱም አብሮት። ቶፑ ግራናይት፣ ከፍታው 89 ሆነ፤ ባለቤቴ የራሱን መክተፊያ እንደ ሽልማት ነው የተቀበለው። መሳቢያ በሁሉም ቦታ የሚለውን ምክር ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩም፤ በበሩ በኩል ካለው 90 ሳንቲ ሜትር ግማሹ ባለ በር ይሆናል፤ ረጃጅም ትሪዎችን አቁሜ የማስገባው እዚያ ነው።

ወለሉ ትናንት ተነጥፎ አለቀ። በቀኙ ግድግዳ ርዝመቱን ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ለካሁት፤ 420፣ 419 እና 417.5 መጣ። በመስኮቱ በኩል ያለውን ማዕዘን ደግሞ አንድ የሰፈር አናጺ እንዳሳየኝ ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጌ በመካከላቸው ያለውን ስለካ 100 መሆን ሲገባው 98.5 ሆነ። ይህ የሚያሳስብ ነው?

የእንጨት ሰው

የሚያሳስብ አይደለም፤ ሳይታወቅ ቢታዘዝ ግን ያሳስብ ነበር። ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ በ2 ዲግሪ ያህል ጠቧል ማለት ነው፤ የመስኮቱ ግድግዳ ወደ ካቢኔቱ ፊት ያዘነብላል። በ60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ርዝመቱን ግድግዳው ሥር ሳይሆን ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብለው፣ የካቢኔቱ ፊት በሚያርፍበት መስመር ላይ ደግመው ይለኩት። ሌላኛው ማዕዘን ትክክል ከሆነ ትንሹ ልክ 415.5 አካባቢ ይሆናል፤ ካቢኔቶቹ 410 ስለሆኑ 5 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ይተርፋል፣ ይበቃል። ከዚያ ላይ 3ቱን በመስኮቱ በኩል፣ የቀረውን በበሩ በኩል ለማሟያ ጣውላ ያድርጉት። ጣውላዎቹ ግን ከፋብሪካ በልክ ተቆርጠው አይምጡ፤ 8 ሳንቲ ሜትር ሆነው ይምጡና ሠሪው እዚያው ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የግድግዳውን ጉብጠት በእርሳስ ቀድቶ ይቁረጣቸው። ግራናይቱም የሚለካው ካቢኔቱ በውኃ ልክ ቆሞ ከታሰረ በኋላ ነው፤ ድንጋይ ቆራጩ ዛሬ ልለካ ቢልዎት ይመልሱት።

እናት ባለ ሦስት

ከግድግዳው 60 ወጥቼ ለካሁት፤ 415.7 ነው። ሥዕሉን በዚህ ቁጥር አስቀይረን ነገ እንፈርማለን።